የሌሊቱ ርዝመትና የዘር ምርጫችን

በሆሳዕና ረጅሙ ቀን በሰኔ አጋማሽ፣ አጭሩ ቀን ደግሞ በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ይውላል። የሁለቱ ልዩነት 50 ደቂቃ ያህል ነው። ለሰው እዚህ ግባ የማይባል ልዩነት ነው፤ ለማሽላ ግን አይደለም።

ዕፅዋት ብርሃንን ምግብ ለመሥራት ብቻ ሳይሆን ወቅትን ለመለየትም ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1920 ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቀኑ ካላጠረ የማያብብ የትንባሆ ዝርያ መኖሩን ይፋ አደረጉ። በኋላ እንደታወቀው ተክሉ በዋናነት የሚለካው ያልተቋረጠውን ጨለማ ነው። ማሽላና አኩሪ አተር ሌሊቱ ሲረዝም፣ ስንዴና ገብስ ሲያጥር ለማበብ ይቸኩላሉ።

ጉዳዩ የሚከብደው የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ነው። ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርዱት የሶሮና የጎምቦራ ቆላማ አካባቢዎች በሚያዝያ ሊዘራ የታሰበ ነባር ማሽላ በሰኔ ቢዘራ፣ አዝመራው በዚያው ልክ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስለናል። ለሌሊት ርዝመት ንቁ የሆነ ዘር ግን እንዲህ አይቆጥርም፤ ዘግይቶ የተዘራውም ቀድሞ ከተዘራው ብዙም ሳይርቅ ያብባል። የጎደለው ጊዜ የሚቀነሰው ቅጠልና አገዳ ከሚያበጅበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ቁመቱ ያጥራል፣ ራሱም ያንሳል፤ ወቀሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በመሬቱ ወይም በማዳበሪያው ላይ ነው።

ይህ ጠባይ ጉድለት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አባቶች መርጠው ያቆዩት ዘር ዝናቡ ሲያበቃ ስለሚያፈራ ፍሬው ከሻጋታ ይድናል። በደጉ ዓመት እርሱን የሚተካ አይገኝም። ዝናቡ በዘገየበት ዓመት ግን ከመልካሳ የምርምር ማዕከል እንደወጣው «መልካም» ያለ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ይሻላል። በዚህ ጸሐፊ እይታ ችግሩ ያለው በአቅርቦቱ ሰዓት ላይ ነው፤ ተለዋጭ ዘር በየቀበሌው መገኘት ያለበት ገበሬው የበልጉን መዘግየት ካረጋገጠ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙም ይህን ሊያጤኑት ይገባል። ለሰሜኑ ዓለም የተዘጋጀ ዘር ራስ ለመቋጠር 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። የእኛ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል እምብዛም ስለማያልፍ፣ እንዲህ ያለው ዘር ቢያምርም ቅጠል ሆኖ ይቀራል። «አዳማ ቀይ» እና «ቦምቤ ቀይ» የሚስማሙን ለአጭር ቀን የተመረጡ በመሆናቸው ነው። ገዢው ከዋጋው በፊት የዝርያውን ስም ይጠይቅ።

ለከተማ ነዋሪዎችም አንድ ነገር አለ፤ በመንገድ መብራት ሥር የተዘራ አኩሪ አተር ሌሊቱ ስለሚቋረጥበት፣ ጎረቤቱ ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቦታ ሲመርጡ ከመብራቱ ራቅ ማድረግ ይበቃል።