የድረ ገጽ ሰርቨር ሲገዛ ጠባቂውም ይታሰብ



በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ አውቶቡስ ብዙ ተጽፎ አንብቤአለሁ። እኔ ዛሬ የማመለክተው ከዓይን ስለ ተሰወረ ነገር ነው፤ ይኸውም የየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ስለሚያድርበት ሰርቨርና ሰርቨሩ ስለሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ገንዘቡ የሕዝብ፣ ድረ ገጹም የሕዝብ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስለ ሆነ፣ በጨረታ ኮሚቴ የሚቀመጠውም፣ የግዥ ጥያቄ የሚፈርመውም፣ ቅጽ አውርዶ ለመሙላት የሚፈልገውም ባለጉዳይ ሁሉ ይመለከተዋል። ስለዚህ አሳቤን በትሕትና እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሰርቨር ውስጥ የሚሠራው ሥራ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ጠቅላላ አገልግሎት የሚሠራውን ይመስላል። ባለጉዳይ አያየውም፤ ምስጋናም አይደርሰውም። ነገር ግን እርሱ ሥራውን ያቆመ ዕለት በር የሚከፍት፣ ወረቀት የሚያቀርብ፣ መብራት የሚያስጠግን ስለማይኖር ሌላው ክፍል ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

በኮሚቴ ስብሰባ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ዊንዶውስ ይገዛ፤ ሁላችንም የምናውቀው እርሱን ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሊኑክስ ይሁን፤ በነጻ ይገኛል» ይላል። በበኩሌ ሁለቱም ምክንያቶች ለውሳኔ የማይበቁ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን እንመልከት። ዊንዶውስን እናውቃለን ስንል የምናውቀው በጠረጴዛችን ላይ ያለውን ነው፤ ደብዳቤ እንጽፍበታለን፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ እንሠራበታለን። ዊንዶውስ ሰርቨር ግን ሌላ ሙያ ይጠይቃል። ዎርድና ኤክሴል የሚችል ሁሉ ሰርቨር ያስተዳድራል ማለት መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ መካኒክ ነው እንደ ማለት ነው። መልኩ ስለሚመሳሰል ብቻ የሚያስከትለው መተማመን እንዲያውም ጉዳት አለው፤ ማንም መጥቶ ይነካካዋልና።

ዋጋውም መታሰብ አለበት። የዊንዶውስ ሰርቨር የፈቃድ ክፍያ የሚሰላው «ኮር» በሚባሉት የማስሊያ አንጓዎች ቁጥር ሲሆን፣ ለአንድ ሰርቨር ከ16 ኮር በታች መግዛት አይቻልም። ሰርቨሩ 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም የሚከፈለው የ16 ነው። ይህም ዋጋ ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ እንደ ነበረ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደ ሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። ባለፈው ዓመት በጀት የተያዘለት ፈቃድ በዚህ ዓመት በዚያው በጀት አይገዛም።

በጀቱ ባልበቃ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራውም፣ ድረ ገጹ በየሰዓቱ እየጠፋ ተመልሶ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ የመብራት ጉዳይ ነው ተባለ፤ ጄኔሬተር ተመረመረ፤ ቀጥሎም በኢንተርኔቱ መስመር ተመካኘ። በመጨረሻ ሲታይ ሰርቨሩ ላይ የተጫነው ለሙከራ ብቻ ለ180 ቀን የሚሰጠው ዊንዶውስ ሰርቨር ነበር። ይህ የሙከራ ቅጂ ቀኑ ሲያልፍ በየሰዓቱ ራሱን እንዲያጠፋ ሆኖ የተሠራ ነው። ሻጩ ማሽኑን አስረክቦ፣ ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል፤ የርክክብ ሰነዱ ላይ የፈቃድ ቁጥር መኖሩን የጠየቀም አልነበረም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ መጫን ነው። የተሰበረውን ቅጂ የሚጠቀም ሰው እንዳይታወቅበት ብሎ ማሻሻያውን ይዘጋል፤ ሰባሪው ከቁልፉ ጋር ምን እንደ ጨመረበትም አያውቅም። ሕግ እንዲከበር ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን በተሰረቀ ዕቃ ላይ ማስቀመጡ ነውር ነው እላለሁ።

እንግዲህ ሁለተኛው ወገን «ያልነው ይህንኑ አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሊኑክስን ለመጫን የፈቃድ ዋጋ አይከፈልም። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባለው ፊንላንዳዊ ተማሪ በ1991 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጀመረው በኋላ፣ ዴቢያን በ1993፣ ኡቡንቱ በ2004 ተከትለው ወጥተው፣ ማንም እንዲወስዳቸው ተፈቅዷል። ኡቡንቱን ያቋቋመው ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙንም ከዚያው ከአህጉራችን ቋንቋ ወሰደለት። ነገር ግን በነጻ የተገኘ ውሻም ቀለብ ይፈልጋል። የሊኑክስ ቀለቡ በየጊዜው የሚወጣው የጥገና ማሻሻያ ነው፤ ቀላቢው ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው። በፈቃድ የዳነውን ገንዘብ በሰው ላይ ካላዋልነው ምንም አልዳነም።

ቀለቡም ለዘላለም አይቀርብም። እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጦርበት ቀን አስቀድሞ ታውቆለታል፤ ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ በመደበኛው አገልግሎት የሚደፍነው የለም። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 በጥቅምት 2023 አብቅቷል፤ የዊንዶውስ ሰርቨር 2016 መጨረሻ ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 እንዲሆን ተወስኗል። በኡቡንቱ በኩል ለረዥም ጊዜ የሚደገፉት እትሞች በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ እየወጡ መደበኛ ድጋፋቸው አምስት ዓመት ነው፤ የ20.04 እትም በ2025 ጊዜው አልፏል፣ የ24.04 ደግሞ እስከ 2029 ይደርሳል።

አንዳንድ ጊዜ ቀኑ ራሱ ይለወጣል። ሴንት ኦኤስ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በዓለም ሁሉ ብዙ የድረ ገጽ አስተናጋጆች ይጠቀሙበት ነበር። ስምንተኛው እትም እስከ 2029 ይደገፋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሬድ ሃት የተባለው ባለቤቱ በታኅሣሥ 2020 ተነሥቶ በ2021 መጨረሻ ይቆማል ብሎ አስታወቀ። ለስምንት ዓመት ያቀደ ሁሉ አንድ ዓመት ብቻ ተሰጠው። አልማ ሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የተፈጠሩት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። የቀድሞው ሰባተኛ እትምም በሰኔ 2024 አበቃ። ይህን ዜና ተከታትሎ «የእኛ ሰርቨር በዚህ እትም ላይ ነው፤ እስከዚህ ቀን መዛወር አለብን» ብሎ ለኃላፊው ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ማን ነው? ጥያቄዬ ሁሉ በዚህ ላይ ያርፋል።

«ሊኑክስ አይጠቃም» የሚል አባባልም በየስብሰባው እሰማለሁ። ይህ ልክ አይደለም። በ2001 ኮድ ሬድ የተባለው ትል የማይክሮሶፍትን የድረ ገጽ ሰርቨሮች እንዳዳረሰ ሁሉ፣ በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ የተገኘው አብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች በሚገለገሉበት በኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ ነው። በሁለቱም ጊዜ የተረፈው ማሻሻያውን ፈጥኖ የጫነ ነው። ደግሞም ድረ ገጾቻችን ሲደፈሩ ብዙውን ጊዜ ሌባው የሚገባው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳይሆን ከላዩ ላይ በተጫነው ባረጀ ዎርድፕረስና በተጨማሪዎቹ በኩል ነው። አንድ የሕዝብ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የውጭ አገር የቁማር ማስታወቂያ ለብሶ ሳምንታት ሲቆይ አይቻለሁ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ወጣት ወደ ግል ባንክ ተዛውሮ ነበር፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ማስታወቂያው እስኪነሣ ድረስ ባለጉዳዩ ቅጹን ለመውሰድ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ድረስ ይመላለስ ነበር። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ለዚያ ባለጉዳይ ምኑ ነው?

ታዲያ ምርጫው ምንም ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ድረ ገጹ በምን እንደ ተሠራ ነው። በድሮው ዶት ኔት ፍሬምወርክ የተሠራ የመዝገብ ወይም የፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት ካለ ከዊንዶውስ ውጭ አይሠራም፤ እንደ ገና እስኪጻፍ ድረስ ከነፈቃዱ በሕጋዊ መንገድ ይቀመጥ። አዲሱ ዶት ኔት ግን ከ2016 ጀምሮ በሊኑክስም ላይ ይሠራል። ዎርድፕረስ፣ ድሩፓልና እነርሱን የመሳሰሉት በፒኤችፒ የተጻፉት ደግሞ ያደጉት በሊኑክስ ላይ ነው። በዊንዶውስ ላይ አይሠሩም ባይባልም፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በ2020 ከፒኤችፒ ስምንተኛ እትም ጀምሮ ለዊንዶውስ ማዘጋጀቱን እንደማይቀጥል ማስታወቁን ሳስብ፣ ከወንዙ ፍሰት ጋር መታገል ይመስለኛል።

ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወርም በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ1997 መጨረሻ ሆትሜይልን ሲገዛ አገልግሎቱ በፍሪ ቢኤስዲና በሶላሪስ ላይ ይሠራ ነበር፤ የዊንዶውስ ባለቤት እርሱ ሆኖ ሳለ ወደ ራሱ ዕቃ ለማዛወር ዓመታት ፈጅቶበታል። በእኛም ዘንድ የሚያጋጥም አንድ ትንሽ ነገር ላንሣ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውምና ብዙዎቻችን አናስተውለውም እንጂ፣ ሊኑክስ በላቲን ትልቅ ፊደል የሚጀምረውን የፋይል ስምና በትንሹ የሚጀምረውን እንደ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይቆጥራቸዋል፤ ዊንዶውስ ግን አንድ ናቸው ይላል። ስለዚህ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የተዛወረ ድረ ገጽ በማግሥቱ ግማሹ ሥዕልና ግማሹ ቅጽ «አልተገኘም» ሲል ይውላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ስሞቹን ያስተካክላል፤ የማያውቅ ሊኑክስን ይሰድባል።

አማርኛ በዊንዶውስ ላይ ይሻላል የሚሉም አሉ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ለዚህ አባባል መሠረት የለውም። ጽሑፉ ወደ ጥያቄ ምልክት ሰልፍ የሚለወጠው የመረጃ ቋቱ በላቲን አቀማመጥ ስለ ተከፈተ ነው፤ የማይ ኤስኪውኤል የድሮ እትሞች ሰው ካልነገራቸው በዚያ ይከፍቱ ነበር፣ ይህም የተለወጠው በ2018 በወጣው ስምንተኛው እትም ነው። ቋቱ ዩቲኤፍ 8 ከሆነ ሰርቨሩ ማንም ይሁን ማን አማርኛው አማርኛ ነው።

እንግዲህ ተጠይቄ ብፈርድ፣ ዜና፣ ማስታወቂያና ቅጽ ለሚያወጣ ተራ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ዴቢያን ወይም ለረዥም ጊዜ የሚደገፈው ኡቡንቱ ይመረጥ እላለሁ። ይህንንም የምለው ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች በስማቸው ተመድበውበት እንደ ሆነ ነው። ሁለት ሰው ለመመደብ የማይችል ትንሽ መሥሪያ ቤት ጨርሶ ሰርቨር አይግዛ፤ ማሻሻያውን ራሱ ከሚጭን አስተናጋጅ ቦታ ይከራይ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያን ጊዜ የአከራዩ ጭንቀት ይሆናል። በየቢሮው ማዕዘን አቧራ የጠጡትን ሰርቨሮች ላየ ሰው ይህ ምክር አዲስ አይሆንበትም።

ባለሙያ ብናሠለጥን ለባንክ ነው የምናሠለጥነው የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ነገሩ ያሳዝናል፣ ደመወዙም መታየት ይገባዋል። ነገር ግን ሠራተኛ በመልቀቁ ደብዳቤ መጻፊያ ክፍል ተዘግቶ አያውቅም፤ መዝገብ ስላለ ቀጣዩ ሰው ከመዝገቡ ተነሥቶ ይሠራል። የሰርቨሩም የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ውስጥ በካዝና ቢቀመጥ፣ የተጫነው ሁሉ በአንድ ደብተር ቢመዘገብ፣ ቅጂው በየሳምንቱ በሌላ ሕንጻ ቢቀመጥና በዓመት ሁለት ጊዜ ከቅጂው ተመልሶ መነሣቱ ቢሞከር፣ የአንድ ወጣት መልቀቅ ይህን ያህል አያናውጠንም።

እኔ አባል በሆንሁበት ኮሚቴ ፊት በዚህ ወር የቀረበው ረቂቅ የጨረታ ሰነድ ስለ ሰርቨሩ ብረት፣ ስለ ዲስኩና ስለ ማቀዝቀዣው ሦስት ገጽ ሙሉ ይናገራል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን፣ የፈቃዱ ማስረጃ፣ ማሻሻያውን በየወሩ የሚጭነው ሰው ማንነት ግን በአንድም መስመር አልተጠቀሰም። ጨረታው ገና በጋዜጣ አልወጣምና እነዚህን ሦስት መስመሮች ለመጨመር ጊዜ አለ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ