የክሬን አደጋ የሚከለከለው ነፋሱ ከመንፈሱ በፊት ነው

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2015፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በመካ መስጂደል ሐራም የማስፋፊያ ሥራ ላይ የነበረ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ክሬን በብርቱ ነፋስ ወድቆ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል።

ይሁንና ምርመራው ጥፋቱን በነፋሱ ብቻ አላሳበበም። ክሬኑ ያለ ሥራ ሳለ ዋናው ክንዱ ወደ ላይ እንደተዘረጋ መተዉ የአምራቹን መመሪያ የጣሰ እንደነበር አመልክቷል፤ መመሪያው ነፋስ ሲጠበቅ ክንዱ ዝቅ እንዲል ያዝዛልና።

ክንዱ በተዘረጋ መጠን ነፋስ የሚገፋው አካል ይበዛል፤ ጭነቱ ከማሽኑ በራቀ ቁጥርም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የነፋስ መለኪያን መከታተል፣ የመሬቱን ጥንካሬ ማረጋገጥ፣ ከተነሣ ጭነት ሥር ሰው እንዳይቆም መከልከል ሥራን ማዘግየት ሳይሆን ነፍስን መጠበቅ ነው። አደጋውን አስቀድሞ ያየ ሠራተኛ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ካልተሰጠው ግን የትኛውም መመሪያ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።