ሞዴሉ አምሯል፤ ምስክሩስ?

በአርሲ ደጋ መንገድ ዳር ያጌጡ መቃብሮች ይታያሉ። ፈረሰኛ፣ ጦርና ጋሻ፣ አንበሳ ተስሎባቸዋል ወይም ተቀርጾባቸዋል። ፀሐይና ዝናብ ግን ቀለማቸውን እየወሰዱት ነው። ዛሬ አንድ የአሰላ ወጣት መቃብሩን ዞሮ በስልኩ ብዙ ፎቶ ቢያነሳና በሶፍትዌር ቢያገጣጥም የስሪዲ ሞዴል ይወጣለታል።

ይህ መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የደበዘዘው ቀለም «ይድመቅ» ተብሎ ሲሞላ፣ የተሰበረው ጎን ሲቀጠል፣ ተመልካቹ የቱ ከድንጋዩ፣ የቱ ከሠሪው ግምት እንደመጣ በምን ይለያል?

አክሱም በዚህ ጉዳይ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን የታዕካ ማርያምን ቤተ መንግሥት ቆፍሮ መሠረቱን ለካ። አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር በዚያ መሠረት ላይ ባለፎቅ ማማዎችን አቁሞ ሣለ። መሠረቱ የተለካ ነው፤ ማማው ግምት ነው። በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራ መንገድ ፍርስራሹ በአብዛኛው ጠፋ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። ደግነቱ ቡድኑ የልኬት ፕላኑንም አብሮ ስላሳተመ፣ የዛሬ ተመራማሪ ማማውን ትቶ መሠረቱን ሊጠቀምበት ይችላል። ሥዕሉ ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ግምቱ እንደ ታሪክ ይቆጠር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተሻሻለው የለንደን ቻርተር የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ የቅርስ ሞዴል የሠራ ሰው በማስረጃ ያገኘውንና የገመተውን ለይቶ ይመዝግብ፤ ለምን እንዲያ እንደወሰነም ይጻፍ።

«ቅርሱ እየጠፋ ነው፤ ፎርም የምንሞላበት ጊዜ የለንም» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ገጽ ማስታወሻ ሥራ አያዘገይም። «ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው» የሚለው ክርክርም አያስኬድም። ኦሮሞ የቃል ታሪኩን «አርጋ ዸጌቲ» ይለዋል፤ የታየና የተሰማ ማለት ነው። ያየነውንና የሰማነውን መለየት ለአርሲ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አሰላ ላይ ያለው አርሲ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንድ ቀላል ደንብ ሊያወጡ ይገባል። ፎቶው መቼና በምን እንደተነሳ ይጻፍ። ጥሬ ፎቶዎቹ ይቀመጡ። በግምት የተሞላው ክፍል በሌላ ቀለም ይታይ። የሥዕሉን ትርጉም የነገሩት አባት ወይም እናት ስማቸው ይመዝገብ። የሟች ቤተሰብም ይጠየቅ፤ መቃብሩ ቅርስ ከመባሉ በፊት የአንድ ሰው ማረፊያ ነውና።

ድንጋዩ የጠፋ ቀን የሚቀረው ምስክር ሞዴሉ ብቻ ነው። ያየውን ከስሚ ስሚ ጋር የሚቀላቅል ምስክር ደግሞ እውነቱን ሲናገር እንኳ አይታመንም።