ቦሌ አጥር ላይ የተለጠፈው ህልም

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስታችሁ በገርጂ ወደ ሲኤምሲ ስትሄዱ የቆርቆሮ አጥሮቹን እስቲ ልብ በሉ። ገና ያልተሠራ ሕንፃ ሥዕል ተለጥፎባቸዋል። መስታወቱ ያበራል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ጎረቤት የለውም፣ የታክሲ ሰልፍ የለም፣ ሱቅ በደረቴ የለም። አንዳንዱ አናቱ ላይ የአክሱም ሐውልት ጫፍ ይደፋለትና «ኢትዮጵያዊ» ይሰኛል። ጋዜጠኝነት ስማር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምንጭሽ ማነው?» ነበር። እነዚህን ሥዕሎች ማን ይጠይቅልን?

በምናብ ሕንፃ መሣልን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያናዊው ፒራኔዚ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመዳብ ሰሌዳ እየጫረ፣ በአሲድ እያስበላ ያተማቸው «እስር ቤቶች» በምድር ላይ የሉም። ሰውየው ግን የሮምን ፍርስራሽ የለካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1756 በሮም ቅርሶች ላይ አራት ቅጽ አሳትሟል። ምናቡ የበቀለው ከልኬቱ ነው።

የአክሱም ድንጋይ ጠራቢዎችስ? 33 ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ ዛሬ ተሰብሮ የተጋደመው ትልቁ ሐውልት ባለ 13 ፎቅ ሕንፃ ሆኖ ነው የተቀረጸው። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ «የዝንጀሮ ራስ» የምንለው የእንጨት ጫፍ እንኳ አልቀረበትም። ማንም የማይገባበት ፎቅ! ዝርዝሩ ግን እውነተኛ ግንበኛ ከሚሠራው የተቀዳ ነው። የቦሌው ባለሕንፃ ከዚህ ሁሉ የወሰደው ጫፉን ብቻ!

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በ1906 አክሱም የገባው የጀርመን ቡድን የታዕካ ማርያምን ቤተ መንግሥት መሠረት ለካ። አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር ከመሠረቱ ተነስቶ ማማዎቹን በምናቡ ሣላቸው፤ በ1913 ታተሙ። በወረራው ዘመን ጣሊያን መንገድ አወጣበት። ዛሬ ስለዚያ ቤት የምናወራው በአብዛኛው ከእነዚያ ወረቀቶች ነው። ማማው ግምት ይሁን፤ ልኬቱ ግን ተርፎልናል።

መንገድ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ አይተናል። የፈረሰው ቤት ሰገነት ስንት ክንድ ነበር? ደረጃው በየት ይዞር ነበር? አጥሩ ላይ ያለው ሥዕል ይህን አይነግረንም፤ የተለጠፈው ሊያስረሳን ነው።

«ታዲያ ከተማ አይደግ?» የሚል አይጠፋም። ይደግ። ግን የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሜትርና የመዳብ ሰሌዳ ይዘው የአሮጌ ቤቶችን በር ያንኳኩ። ፈቃድ ሰጪውም ማፍረሻው ላይ ማህተም ከመምታቱ በፊት የልኬት ሥዕል ይጠይቅ። ከዚያ ወዲያ ባለ ምናቡ የፈለገውን ማማ ይከምርበት።