ሳይቃጠል በቅጠል፦ በዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ እኩዮቼ

በዚህ ከተማ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምታደርሱ እኩዮቼ፣ ይህን ቃሌን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ማንንም ለመውቀስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ዝም ብዬ ባልፈው በልጆቻችን ፊት እጠየቅበታለሁ።

ቻርተር ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ ይሠራል፤ የሚተዳደረው ግን በራሱ ቦርድ ነው። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 በሚኒሶታ ወጣ። ወደ ዲሲም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ገባ፤ ዛሬ በከተማው በመንግሥት ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቻርተር ውስጥ ናቸው።

ልጁን ቻርተር ያስገባ ወላጅ አላጠፋም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የ2009 ጥናት ከቻርተሮቹ በሒሳብ ከመደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተሻሉት 17 በመቶው ብቻ እንደሆኑ፣ 37 በመቶው ግን እንዳነሱ አሳይቶ ነበር። በ2023 የወጣው ደግሞ በአማካይ የቻርተር ተማሪዎች በንባብም በሒሳብም በጥቂቱ መቅደማቸውን አሳየ። እኔን የሚያሳስበኝ የሄደው ልጅ ሳይሆን በሠፈሩ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቀረው ነው።

በጀት የሚመደበው በአብዛኛው በተማሪ ቁጥር ነው። ከየክፍሉ ሦስት አራት ልጅ ሲወጣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የማሞቂያው ወጪና የጣሪያው እድሳት አብረው አይቀንሱም። ስለዚህ የሙዚቃ መምህሩ ይሰናበታል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ያጣል። ይህን ያየ ሌላ ወላጅም ልጁን ያወጣል። መጨረሻው መዘጋት ነው። ዲሲ በ2008 ሃያ ሦስት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ወሰነች፤ በ2013 ደግሞ ሌሎች 15 ተጨመሩ። በዚያው ዓመት ቺካጎ ወደ 50 የሚጠጉ ዘጋች። የሕዝቡ ከየሠፈሩ መልቀቅም ድርሻ ነበረው፤ የቻርተሮች መስፋፋት ግን ባዶ ወንበሩን አበዛው።

ኒው ኦርሊንስን ተመልከቱ። በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ከ7,000 በላይ መምህራንና ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ዛሬ የከተማው ትምህርት ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቻርተር ናቸው። የፈተና ውጤት ተሻሽሏል። ለብዙ ቤተሰብ ግን በእግር የሚደረስበት የሠፈር ትምህርት ቤት ቀርቷል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ከአገር ቤት ልጆች ይዘው በጥር ቢመጡ፣ የዚያ ዓመት የትምህርት ቤት መግቢያ ዕጣ ጊዜ አልፏል፤ ብዙዎቹ ቻርተሮችም «ሞልቷል» ይላሉ። እንግሊዝኛ ገና ያልለመደውን ልጅ በዚያ ሳምንት ተቀብሎ የሚያስቀምጠው የሠፈሩ ትምህርት ቤት ነው፤ በክልሉ የሚኖረውን ልጅ አልቀበልም ማለት አይችልምና። በነሐሴ 2024 ኢግል አካዳሚ የተባለው ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተዘጋ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው መግቢያ ፍለጋ ተሯሯጡ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሠፈሩ ትምህርት ቤት ከሌለ፣ የት እንሄዳለን?

ስለዚህ እኩዮቼ፣ ዕጣ ከመሙላታችሁ በፊት የሠፈራችሁን ትምህርት ቤት ገብታችሁ እዩት፤ በወሬ አትፍረዱበት። ቻርተር ከመረጣችሁም ገንዘቡ እንዴት እንደሚያዝ፣ በዓመቱ መካከል ስንት ልጅ እንደሚወጣ፣ ቦርዱ ላይ እነማን እንደተቀመጡ ጠይቁ። የከተማው ምክር ቤት ስለ በጀት የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ጊዜ ቅረቡ። የሥራችን ሰዓት አይመችም፤ አንዱ ታክሲ ላይ፣ ሌላዋ ሆስፒታል አዳር ላይ ናት። ቢሆንም ከየቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም። ቋንቋ አያስፈራችሁ፤ የ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ይጨምራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በተለይ ልጆቻችሁ ቻርተር የሚማሩ እኩዮቼ፣ ለሠፈሩ ትምህርት ቤት ቀድማችሁ የምትናገሩ እናንተ ሁኑ። ልጃችሁን የሚበጀው ቦታ አስተምሩ፤ ማንንም የማይመልሰው ትምህርት ቤት ግን በእኛ ዝምታ አይዘጋ። አንዴ ከተዘጋና ሕንፃው ለሌላ ከተሰጠ፣ መልሶ ለማስከፈት የእኛ ዕድሜ አይበቃም።