አዮን በበዛ ቁጥር ይሻላልን?

የወተት ጥርስን ሥር፣ ቋሚው ጥርስ ሲመጣ ሰውነት ቀስ በቀስ እየመጠጠ ያጠፋዋል። ስለሆነም የተበከለው የሥር ቦይ ተጸድቶ የሚሞላበት ቁስ አብሮት ሊመጠጥ ይገባል፤ ለቋሚ ጥርስ የሚያገለግለው ጉታ ፐርቻ እዚህ የማይመረጠውም ለዚሁ ነው።

ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እርጥበት ሲያገኝ የካልሲየምና የሃይድሮክሳይድ አዮኖችን ይለቃል። ፒኤቹ ወደ 12.5 ስለሚደርስ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች አይቋቋሙትም። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ አዮን የሚለቀውን ሙሌት ሁሉ ማወደስ ግን፣ በእኔ እምነት፣ የችኮላ ፍርድ ነው። በተጣራ ውኃ ውስጥ ተለክቶ የተገኘው ኃይል በጥርስ ውስጥ እንዳለ አይገኝም፤ ዴንቲን ራሱ የሃይድሮክሳይድ አዮኖችን ያለዝባቸዋልና። ከሁሉ በላይ፣ አዮን የሚለቅ ቁስ እያለቀ የሚሄድ ቁስ ነው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ቀድሞ ይመጠጥና ቦዩን ባዶ ያስቀረዋል፤ ባዶው ቦይ ዳግም ቢመረቅዝ ከሥሩ በማደግ ላይ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። የዚንክ ኦክሳይድና የዩጂኖል ድብልቅ (ዩጂኖል ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ዋነኛ ዘይት ነው) በአንጻሩ ከሥሩ ዘግይቶ ስለሚመጠጥ፣ ጥርሱ ከወለቀ በኋላም ቅሪቱ ከድድ ሥር ሊቆይ ይችላል።

በ6 ዓመቱ የታከመ ልጅ ሁለተኛው የወተት መንጋጋ ጥርሱ የሚወልቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜው ነው። የጥቂት ሳምንታት የቤተ ሙከራ ልኬት ስለ እነዚያ ዓመታት ምን ይነግረናል? ተመራማሪዎች ከመጠኑ ጋር የልቀቱን ፍጥነት፣ ከሥሩ መመጠጥም ጋር አነጻጽረው ሊያቀርቡልን ይገባል።