«ነፃ ንግድ» ነፃነቱ ለማን ነው?

የበለጸጉት ካፒታሊስት አገሮች ታዳጊዎቹን «ገበያችሁን ክፈቱ፤ ድጎማ አንሡ» እያሉ መምከራቸው የቆየ ልማድ ነው። ምክሩ ወደ ራሳቸው እርሻ ሲዞር ግን ተፈጻሚነት እንደሚያጣ የጥጥ ጉዳይ በማያሻማ ሁኔታ አረጋግጧል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ ለዓለም ንግድ ድርጅት ያቀረቡት የምጽዋት ጥያቄ አልነበረም። የጠየቁት በጥጥ ላይ የሚሰጠው ድጎማ እንዲነሣ፣ እስኪነሣም ድረስ ለጉዳታቸው ካሳ እንዲከፈል ነበር።

የብዝበዛው ስልት ውስብስብ አይደለም። የዓለም ዋጋ ሲወድቅ የአሜሪካ መንግሥት ጉድለቱን ለአገሩ ጥጥ አምራች ከግምጃ ቤት ይሞላለታል። አምራቹም ዋጋ ወደቀ ብሎ ምርቱን አይቀንስም። የተትረፈረፈው ጥጥ ወደ ገበያ ሲጎርፍ ዋጋው ይበልጥ ያሽቆለቁላል። ዕዳውን የሚሸከመው ግምጃ ቤት የማይደርስለት የማሊ ገበሬ ነው።

ብራዚል በ2002 አሜሪካን ከስሳ በ2005 በይግባኝ ረታች። በ2009 በአሜሪካ ላይ የአጸፋ እርምጃ እንድትወስድ ስለተፈቀደላት፣ ይህንንም የመፈጸም አቅም ስለነበራት፣ ጉዳዩ በ2014 በ300 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተዘጋ። ይህን መሰል አቅም ለሌላቸው ለአራቱ የአፍሪካ አገሮች ግን የአገር ውስጥ ድጎማው ጥያቄ መፍትሔ ሳያገኝ ቀረ። ከዚህም በላይ የድርጅቱ የይግባኝ አካል፣ አሜሪካ የዳኞችን ሹመት በማገዷ፣ በ2019 መጨረሻ ሥራውን አቋርጧል።

«ርካሽ ምርት ከውጭ ቢገባ እኛን ምን ጎዳን?» የሚል የከተማ ነዋሪ ይኖር ይሆናል። ሐቁ ግን ሌላ ነው። ገበሬው ከእርሻው ሲፈናቀል የጥጥ መዳመጫው ይዘጋል፤ ወዛደሩ ከሥራው ይወጣል፤ የተፈናቀለውም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይጎርፋል። ያን ጊዜ የዕቃው መርከስ ደመወዝ ለሌለው ሰው ምን ይፈይድለታል?

ይሁን እንጂ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሁኔታ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በ2003 ካንኩን ላይ ታዳጊ አገሮች በአንድነት በመቆማቸው ያልተስማማቸው ውል ሳይጸድቅ ቀርቷል። በ2015 ናይሮቢ ላይም ወደ ውጭ ለሚላክ የእርሻ ምርት የሚሰጠው ድጎማ እንዲቀር ተወስኗል።

አገራችንም በ2003 ለዚሁ ድርጅት አባልነት አመልክታለች። ስለሆነም የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ጉዳዩን የሊቃውንት ብቻ አድርገን ልንመለከተው አይገባም። በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚፈረመው እያንዳንዱ የቀረጥ አኃዝ የገበሬያችን ማሳና የፋብሪካችን በር ነው። ተደራዳሪዎቻችን ይህንን ይዘው፣ ከአፍሪካ ወንድሞቻቸው ጋር አብረው ሊቆሙ ይገባል።